መስኮብ ሁዳዴን ይጾማል ያልን ዓመት

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ በጋይንት እንኳን ገበሬው በሬውም ያውቀዋል። ታዲያ እኔ በአንድ ዓመት፣ የጉና ደመና ማጉረምረም ሲጀምር፣ አንድ በሬ ይዤ እርሻዬ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱ ድርቅ አይደለም፣ የከብት በሽታ አይደለም፣ ሌባም አይደለም። አሜሪካና መስኮብ፣ ዛሬ ሩሲያ የምንለው፣ በጀርመን አገር ባለች፣ ለሁለት በተከፈለች ከተማ የተነሣ ስለ ተፋጠጡ ነው።

ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ማዕድ ላይ ሳቅ የምፈቅድ አባት አይደለሁም። በዚህ ነገር ግን "ዝም በሉ" የምልበት አፍ የለኝም። እነሱ እየጨማመሩ ከሚያወሩት እኔው እንደ ነበረ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤቴን ላስተዋውቅ። እሱና እኔ መቀናጆ ነበርን፤ አንድ በሬ እሱ፣ አንድ በሬ እኔ፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር አጣምደን ዛሬ የእሱን፣ ነገ የእኔን መሬት እናርሳለን። የእኔ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው፣ የእሱ ጥቁር። በሬዎቹ ከእኛ ይልቅ ይስማሙ ነበር። ጎረቤቴ ጉልበቱ ብርቱ፣ ልቡ ቅን ነው፤ ጆሮው ግን በር የሌለው ቤት ነው። የመጣ ወሬ ሁሉ ይገባል፤ ገብቶም ያድራል።

እኔ ደግሞ አስኳላ አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያገኘሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ዕውቀቴ ሁሉ ወይ ጫፉ ወይ መካከሉ የተቀደደ ነው። የአንዱን ጦርነት መጀመሪያ አውቃለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። የሌላውን አሸናፊ አውቃለሁ፤ በምን እንደ ተጣሉ አላውቅም። ቢሆንም በሰፈራችን ከየኔታ ቀጥሎ የሚያነብ እኔ ነበርሁና እንደ ሊቅ እጠየቅ ነበር፤ እንደ ሊቅም እመልስ ነበር።

የኔታ የምላቸው ከዚሁ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የወጡ የዜማ መምህር ናቸው። በደብራችን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ድምፃቸው መልካም፣ ትርጓሜያቸው ጥልቅ፣ በቅሏቸው ደግሞ ከደብሩ ምእመን ሁሉ የወፈረች ነበረች። የኔታ ማናቸውንም ነገር "አንድም፣ አንድም" እያሉ በመጽሐፍ ትርጓሜ ሥርዓት ካልተነተኑት አይለቁትም። ዝናም ቢዘገይ ሦስት ምሥጢር ያወጡለታል። ዶሮ ቢጠፋባቸው እንኳ ሁለት አያጡም።

ነገሩ የተጠነሰሰው በማኅበር ነው። የሁዳዴ ጾም ስለ ነበረ ማዕዱ ሽሮና ጠላ ነው፤ ተራው የጎረቤቴ ነውና እሱ ቤት ተሰብስበናል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ በአርብ ገበያ ሱቅ ያለው ሰው ነበረ። በባትሪ የሚናገር ሬዲዮን ነበረው፤ ከደብረ ታቦር የገዛው ባለ ናስ ቁልፍ የአሜሪካ ወታደር ካፖርትም ነበረው። በዚያ ካፖርት ምክንያት በሁሉ ነገር የአሜሪካ ወገን ነበረ። ለአንዲት ካፖርት ይህን ያህል ታማኝ የሆነ ሰው አላየሁም።

"እንግዲህ ተቆርጧል" አለ ባለሱቁ ጠላውን ጎንጨት ብሎ። "የመስኮቡ ሹም ለአሜሪካ ቀን ቆርጦለታል። ወታደርህን ከዚያች ከተማ ካላወጣህ ወዮልህ ብሎታል።"

"ቀኑ መቼ ነው?" አለ ጎረቤቴ።

"ግንቦት ላይ።"

የኔታ ዋንጫቸውን አኖሩ። "ከፋሲካ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"በኋላ ነው የኔታ። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ ላይ ነው።"

"ታዲያ ምኑ ይገርማችኋል?" አሉ የኔታ ጋቢያቸውን እያጣፉ። "መስኮብ እኮ ሃይማኖቱ እንደኛ ነው። ሁዳዴን ይጾማል። ክርስቲያን በጾም ደም አያፈስም። አንድም፣ ወታደሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሎ በባዶ ሆዱ መድፍ አይጎትትም። አንድም፣ በጾም የሞተ ወታደር ተዝካሩ በምን ይወጣል? ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ! ስለዚህ ሰውዬው ጾሙን ይጾማል፣ ፋሲካን ይፈስካል፣ በሬውን አርዶ ይበላል፤ ከዚያ በሰፊው ይዋጋል። ቀኑን ከፋሲካ ወዲያ ያደረገው ለዚህ ነው።"

ቤቱ በሙሉ "እውነት ነው!" አለ። እኔም እውነት መሰለኝ። በአንድ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ የመስኮብ መንግሥት ከሃይማኖት ጋር ስላለው ነገር የሚናገር ጽሑፍ አይቼ ነበር፤ ግን ሐተታው ሳያልቅ ጨው ተቋጥሮበት ቀልጧል። መንግሥቱ ሃይማኖትን ይውደድ ይጥላ፣ መልሱን ጨው በልቶታል።

"በኮሪያ ጦርነት ዘመን የሆነውን ታስታውሳላችሁ?" አለ ባለሱቁ። "ያ የእስቴ ሰው ሌጦ ነግዶ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ የለም?"

ሁላችን እናስታውሳለን። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ከሩቅ ያበራል፤ አንዳንዱ ሰው እሱን ለማየት ብቻ እስቴ ድረስ ይሄድ ነበር።

"ወታደር በባዶ እግሩ አይዋጋም" ቀጠለ ባለሱቁ።

"የኛ ሰው ይዋጋል እንጂ" አለ ጎረቤቴ።

"የኛ ሰውማ ይዋጋል! የፈረንጅ ወታደር ግን ያለ ጫማ አንድ እርምጃ አይሄድልህም። ጫማው ከምንድን ነው? ከቆዳ። መታጠቂያው? ከቆዳ። የሽጉጡ ቤት? ከቆዳ። የአዛዡ ጓንት? ከፍየል ሌጦ። ሁለቱ ኃያላን አንድ ቀን ቢታኮሱ በዓለም ላይ ያለ ፍየል አይበቃቸውም።"

ጎረቤቴ ዋንጫውን አኑሮ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። የእሱ ሒሳብ ያስፈራኝ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ "በፋሲካ ያላረደ ቤት የለም። ሌጦ እንደ ፋሲካ ሰሞን ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ የለም። በፋሲካ የገዛ፣ በግንቦት የሸጠ..."

"ቆርቆሮ!" አለ ባለሱቁ።

"ሁለቱ ቢታረቁስ?" አልሁ እኔ።

"ኧረ አንተ ሰው ክፉ አፍህን ሰብስብ!" ብሎ ጎረቤቴ ጮኸብኝ። "በጾም ምድር ስለ ዕርቅ ያወራል!"

ማኅበርተኛው ሳቀ። የኔታም ሳቁ። ነገር ግን ጎረቤቴ አልሳቀም ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ ጥቁሩን በሬ እየነዳ ወደ አርብ ገበያ ሲወጣ አየሁት። ዱላዬን ይዤ ተከተልሁት፤ ቁልቁለቱ ላይ ደረስሁበት።

"ወዴት ነው?"

"ገበያ።"

"በሬውስ?"

"እሱም ገበያ።"

"የምናርስበት ወር እየመጣ ነው እኮ፣ ወንድሜ!"

"አውቃለሁ። ግንቦት ላይ ሁለት በሬ ይዤልህ እመጣለሁ። አንዱን አንተ ምረጥ።"

"ጦርነቱ ቢቀርስ?"

"የኔታ ናቸው ያሉ!"

"የኔታ የመስኮብ ንስሐ አባት ናቸው?"

ትንሽ አሰበ። "መስኮብን አያውቁት ይሆናል" አለ፤ "ጾሙን ግን ያውቃሉ።"

ዱላዬን ይዤ ተመለስሁ። በሬው ተሸጠ። የእኔ ቦራ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ወደ ጎረቤቴ በረት እየተመለከተ ይጮህ ነበር። ከሁላችን ይልቅ ነገሩ ቀድሞ የገባው እሱ ይመስለኛል።

ፋሲካ ደረሰ። ሰው ጾሙን በቅጡ ሳይፈታ ጎረቤቴ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞር ጀመር። "እንኳን አደረሳችሁ" ይላል፤ ዓይኑ ግን ሥጋው ላይ ሳይሆን አጥር ላይ በተሰቀለው ሌጦ ላይ ነው። ለወጥ እጁን ሳይታጠብ የሌጦውን ቀዳዳ ይፈትሻል። "ቢላ ነክቶታል፣ በዚህ በኩል ቢላ ነክቶታል" እያለ ያራክሳል። በበዓል ቀን የሰው ቤት ገብቶ አስተራረድ የሚነቅፍ እንግዳ ያን ጊዜ አየሁ። ሌሎቹም ማኅበርተኞች እንዳቅማቸው ገዙ። እሱ ግን የገዛው በአንድ ሙሉ በሬ ዋጋ ነው።

የእሱ ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበርና ሌጦው የተከመረው እኔ ጓዳ ነው። እኔ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ በጓዳዬ ግን ገባሁበት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጠየቀችኝ።

"ይኼ የአሜሪካ ነው የመስኮብ?"

"የጎረቤታችን ነው።"

"ታዲያ ለምን የሱ ቤት አይሸትም?"

"የሱ ቤት ያፈሳል።"

"የኔማ አያፈስም፣ አንድ ጠብታ ሽታ እንኳ አይወጣለትም" ብላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ጦር ሜዳ ነው" ትል ነበር።

ሌጦ መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። በችካል ወጥሮ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ በአመድና በጨው ማሸት፣ ከብል መጠበቅ አለበት። ጎረቤቴ ሁሉንም ይሠራል፤ ዓርብ ሲሆን ግን ሌጦውን ለእኔ ጥሎ የሬዲዮኑን ወሬ ለመስማት ይወጣል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አጥራችን ሥር ሰፈረ። ባለቤቴ የመስኮብ ወታደር ትላቸው ነበር።

ግንቦት ሲገባ የሚገርም ነገር ሆነ፤ የሌጦ ዋጋ በእውነት ጨመረ። ከደብረ ታቦር አንድ የቆዳ ገዥ በጭነት በቅሎዎች መጣ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰም፤ አንድ ወታደር አልቆሰለም፤ ወሬው ብቻ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ አስመራ ወርዶ፣ ደብረ ታቦር ወጥቶ፣ አርብ ገበያ ገብቶ የእኔን ጓዳ አስወደደው። ገዥው ሌጦውን አገላብጦ አየና መልካም ዋጋ ሰጠ። ጥቁሩን በሬ መልሶ የሚያስገዛ፣ ከዚያም የሚተርፍ ዋጋ ነበረ።

ጎረቤቴን ወደ ጥግ ወሰድሁት። "ስጠው" አልሁት። "በሬህን መልስ። ዝናሙ ደርሷል።"

"አብደሃል?" አለኝ። "በወሬ ይህን ያህል ከጨመረ በጥይት ስንት ሊገባ ነው?"

"ወንድሜ፣ ስጠውና እንረስ።"

"አንተ ጋዜጣ ታነባለህ እንጂ ንግድ አታውቅም።"

ይህ እውነት ነበር፤ ግን እሱም አያውቅም ነበር። ገዥው በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ወገዳ አለፈ። እኔ ልጆቼን ስመክር ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ሰዓት ነው። ስንፍና ቢሆን አዝንለት ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ሰነፍ አይደለም። ሆድ የሚጠግብበት ልክ አለው፤ ተስፋ ግን ልክ የለውም። የያዘውን ትቶ ገና የሚበልጠውን የሚጠብቅ ሰው፣ ገበሬም ይሁን የባሕር ማዶ ባለገንዘብ፣ በአንድ ችካል የታሰረ ነው።

በዚያው ሰሞን እሑድ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ ብሎ ሲያውጅ ሕዝቡ ሁሉ አጎነበሰ። ጎረቤቴ መቋሚያውን ተደግፎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ያዝሁት።

"ምን ብለህ ጸለይህ?"

"የቤተ ክርስቲያኗን ሰላም ለመንሁ።"

"የዓለሙንስ?"

"እነሱ የራሳቸው ቄስ የላቸውም?" አለ ፊቱን አዙሮ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቀኑ እስኪያልፍ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ በደንብ እለምንላቸዋለሁ" አለኝ።

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አፌን መልሼ ዘጋሁት፤ እኔም በዚያች ሰዓት በልቤ "ትንሽ ጦርነት፣ ሰው የማይሞትበት፣ ብቻ ጫማ የሚያልቅበት" ብዬ ተመኝቼ ነበርና። በሬ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸልያል። ከእኛ የሚበልጡት፣ በትልልቅ ከተማ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በሰው ጠብ የሚነግዱትም የሚጸልዩት ይኸንኑ ይመስለኛል። እነሱ የሚሻሉት ሌጦው የሚከመረው በሰው ጓዳ ስለ ሆነ፣ ሽታው ስለማይደርሳቸው ብቻ ነው።

የተቆረጠው ቀን መጣ፤ ሄደም። በሚቀጥለው ዓርብ ሁለታችንም ባለሱቁ ዘንድ ሄድን። ባለሱቁ ካፖርቱን አውልቋል፤ ይህን ሳይ ደግ ወሬ እንደሌለ ገባኝ።

"ተቀምጠው እየተነጋገሩ ነው" አለ።

"እነማን?" አለ ጎረቤቴ።

"ሁለቱ ናቸዋ! ሹሞቻቸው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይነጋገራሉ።"

"ቀኑስ?"

"ቀኑማ አለፈ።"

"እንዴት ያልፋል? ቆርጦ አልነበረም?"

"ቆርጦ ነበር። መልሶ ቀጠለው።"

"እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ቃሉን ያጥፋል?" ጎረቤቴ ከልቡ አዝኖ ነው የጠየቀው። "እኛ ብንሆን ለቁም ነገር ቀን ቆርጠን ብንቀር ዳኛ ዘንድ ያቆሙናል።"

ያ የቆዳ ገዥ ከወገዳ ተመልሶ በመንደራችን ሲያልፍ አገኘነው። በቅሎዎቹ ባዶ ናቸው። ጎረቤቴ ወደ ጓዳዬ ጎትቶ አስገባው። ሰውዬው አንድ ሌጦ አንሥቶ አራገፈው፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ረገፈ።

"ብል ጀምሮታል" አለ። "ባይጀምረውም አልገዛህም።"

"ያኔ እንዲህ ያለ ዋጋ ሰጥተኸኝ አልነበረም?"

"ያኔ ነዋ፣ ጌታው። ያኔ ጦርነት ይመጣ ነበር። አሁን ግን ሁሉም እንዳንተ ነው። ደብረ ታቦር ያለው ገዝቶ ጠበቀ፤ አስመራ ያለው ገዝቶ ጠበቀ፤ ባሕር ማዶ ያለውም ገዝቶ ጠበቀ። መጋዘኑ ሁሉ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ጫማ የሚያደርገው ወታደር ቤቱ ተቀምጧል።"

"ታዲያ ሁሉም ሻጭ ከሆነ ያን ጊዜ ማን ነበር የሚገዛው?"

"እርስ በርሳችን" አለ ገዥው፤ እሱም ያዘነ ይመስላል። "የኔም መጋዘን ሙሉ ነው።" እንዲህ ብሎ ባዶ በቅሎዎቹን ይዞ ሄደ። ጎረቤቴ የሌጦው ክምር ላይ ተቀመጠ። ዓለም ሰላም በመሆኑ እንደዚያ ያለቀሰ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

የሰኔ ዝናም ጀመረ። ቦራዬ ብቻውን በረት ቆሟል። ገብስ በጊዜው ካልተዘራ ክረምቱን የምንሻገርበት እንጂ ከክረምቱ ወዲያ የምንበላው አይኖረንም፤ የእኔም ቤት የእሱም ቤት ማለት ነው። በሰኔ ደግሞ በሬ የሚያውስ ሰው የለም። ሚስቱን አምኖ የሚተው ሰው በሬውን አያምንም። በሬዎች ያሏቸውን ሁሉ ለመንሁ፤ ሁሉም "እኔ ስጨርስ" አሉኝ። እሱ እስኪጨርስ ወሩ ያልቃል።

በመጨረሻ ጎረቤቴን ይዤ ወደ የኔታ ሄድሁ። ልወቅሳቸው ነበር የሄድሁት። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በቅሏቸው ከጎናቸው ታስራ ገብስ ትበላለች። እኛ ልንዘራው ያልቻልነውን እሷ እያላመጠች ታየናለች።

"የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?" አልናቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ዋላችሁ?"

"መስኮብ ሳይጾም ቀረ፣ የኔታ" አለ ጎረቤቴ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጢማቸውን አሹ። "ጾሞ ቢሆንስ?" አሉ። "ጾመኛ ይታገሣል፤ አንድም፣ ልቡ ይራራል፤ አንድም፣ ከጠላቱ ጋር ይነጋገራል። እኛ ሰውዬው እንዲጾም ተስፋ አደረግን፤ ጾሞ ደግ ሰው ይሆናል ብለን ግን አላሰብንም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ የእሱ አይደለም።"

እንግዲህ በእኚህ ሰው ላይ እንዴት ይቆጡባቸዋል? የመስኮብ ሹም ይህን ትርጓሜ ቢሰማ ራሱም ይደነቅ ነበር። ነገሩ ግን ልቤን ነካኝ። እስከ ዛሬም ጾም በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ የሰውን ጾም የምንቆጥረው ለራሳችን ጥቅም ነው።

ቢሆንም ትርጓሜ ቀንበር አይጎትትም። ዓይኔን በቅሎዋ ላይ ተከልሁ።

"የኔታ፣ በቅሎዎን ያውሱን" አልሁ።

"ወዴት ልትሄዱ?"

"የትም አንሄድ። ከቦራዬ ጋር ላጣምዳት ነው።"

የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "በቅሎዬን? ቀንበር? ኦሪት በሬና አህያ አንድ ላይ እንዳይጠመዱ ከልክላ የለም ወይ!"

"በቅሎ አህያ ናት እንዴ፣ የኔታ?"

"አባቷ አህያ ነው!"

"እሷ ግን አባትሽ ማነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት ነው የምትለው" አልሁ። "እርስዎ መስኮብን በጥንት አያቶቹ ሃይማኖት አምነውት ይኸው እኛን በሬ አሳጡን። በቅሎዎን በእናቷ ቢያምኗት ምን አለበት?"

ጎረቤቴ የኔታን ፈርቶ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። የኔታ በቅሎዋን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ሳቅ ያመለጣቸው መሰለኝ፤ ሳል አስመሰሉት።

"አንድም..." አሉ እየተነፈሱ። "አንድም፣ ሕጉ የተሠራው ለደካማው አህያ ታዝኖለት ነው። ይህች ደግሞ ደካማ አይደለችም።" በቅሎዋን ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። "ያ ሌጦ ምን ሆነ?"

"ብል ያልነካው አለ" አለ ጎረቤቴ።

"ከፍየሉ ለብራና የሚሆነውን ምረጡና አምጡልኝ። የዜማ መጽሐፋችን አርጅቶ ገጹ እየረገፈ ነው፤ ሌጦው በጦርነት ወሬ ስለ ተወደደ ብራና ፋቂው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።"

"በነጻ?" አለ ጎረቤቴ፤ ነጋዴነቱ ገና አልለቀቀውም።

"በቅሎዬስ በነጻ ልታርስ ነው?"

ውሉ በዚህ ታሰረ።

በቅሎ ከበሬ ጋር ማረስ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሻኛ የላትም፤ ቀንበሩ ይንሸራተትባታል። ባለቤቴ ከዚያው ሌጦ ለአንገቷ ወፍራም ትራስ ሰፋችላት። "ይኸው፣ ጦሩ አንድ ሥራ ሠራ" አለች። ቦራዬ የመጀመሪያውን ቀን ጎን ጎኑን እያየ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ረዥም ጆሮ ያለው መቀናጆ አይቶ አያውቅም።

ከሁሉ የባሰው ግን የበቅሎዋ ሃይማኖት ነው። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲያዩ ከበቅሎ ወርደው ይሳለማሉ። በቅሎዋ ይህን ዓመታት ሙሉ ለምዳለች። እርሻችን ደግሞ ላይኛው ጫፉ ላይ ሲደርሱ የደብሩ ጉልላት ይታያል። ትልም በጨረስን ቁጥር እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሰው ወርዶ እስኪሳለም ትጠብቃለች። ጅራፍ አይነቀንቃትም። ጎረቤቴ ከፊቷ ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ ሳይሰግድ ወደ ኋላ አትዞርም። ያን ሰኔ ጎረቤቴ የሰገደውን ያህል በሁዳዴም አልሰገደም። "ስለ ሰላም ነው የምሰግደው" ይለኝ ነበር እያለከለከ፤ "ያኔ የዘለልሁትን እየከፈልሁ ነው።"

እንዲህ እየተሰገደ የእኔም የእሱም መሬት ታረሰ። ትልሙ ጠማማ ነበረ፤ አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል፤ ገብሱ ግን ትልም አይቶ አይበቅልምና በቀለ። ጥቁሩን በሬ የሚተካ ወይፈን ጎረቤቴ ያገኘው ብዙ ቆይቶ፣ ላብ አፍስሶ ነው። የዜማ መጽሐፉም ተጻፈ። ጦርነት ሲጠብቅ የነበረው ሌጦ ዛሬ በደብራችን ይዜምበታል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ብል ጀምሮት የተወው ነጥብ አለ።

ዘሩን የጨረስንበት ቀን የኔታ በእርሻው ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነበር፤ በእግራቸው፣ ጭቃውን በመቋሚያቸው እየፈተሹ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት አገኘቻቸው።

"ምነው የኔታ፣ በእግርዎ? በቅሎዎ ሞተች እንዴ?"

"አልሞተችም ልጄ" አሉ የኔታ። "መስኮብ ወስዷት ነው።"

በቅሎዋ ድምፃቸውን ስትሰማ ሞፈሩን ጎትታ፣ ቦራዬን አስከትላ፣ እርካብ የምታቀርብ ይመስል ዳሩ ድረስ ሄዳ ቆመችላቸው። የኔታ ግንባሯን ዳሰሱና ወደ እርሻው መለሷት።

"ሂጂ" አሏት፣ "ከመስኮብ ጋር ገና አልታረቅንም።"